ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ያወጣ የመዳብ ፕሩፍ ሳንቲም፦ እጥበቱ ተሳካ፣ ማድረቁ አበላሸው

መዳብ ሳንቲምን በአሴቶን (ቅባት በሚያሟሟ፣ በፍጥነት በሚተን ፈሳሽ) ስለማጠብ ብዙ ተብሏል፤ ስለማድረቅ ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። የጠፋውም እዚያ ላይ ስለሆነ ሙሉውን ልጻፈው።

ሳንቲሙ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመታ የአሜሪካ ኢንዲያን ሄድ (የላባ ጌጥ የደፋ ራስ ምስል ያለበት) ፕሩፍ ሴንት ነው፤ ፕሩፍ የሚባለው ለሰብሳቢዎች በልዩ ጥንቃቄ የሚመታ ሳንቲም ነው። 95 በመቶው መዳብ፣ የቀረው ቆርቆሮና ዚንክ፤ ክብደቱ 3.11 ግራም፣ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር። መሃሉ ሐምራዊ ነው፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። በምስሉ የራስ ጌጥ ላባዎች መካከል ግን አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ተሰግስጎ ነበር፤ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ለስላሳ ኪስ ውስጥ የቆየ ሳንቲም ላይ የሚታየው ዓይነት።

መጀመሪያ ማጣራት ያለብኝ ቀለሙ የራሱ መሆኑን ነበር። መዳብ ላይ የሚታየው ሰማያዊ የተቀባ ቀለም አይደለም። በብረቱ ላይ የሚያድገው የኦክሳይድና የሰልፋይድ ንጣፍ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ከንጣፉ ላይና ከሥሩ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ እየተደጋገፈና እየተጣፋ የሚፈጥረው ነው። ንጣፉ ሲወፍር ቀለሙ በተራ ይሄዳል፦ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ የፈዘዘ ብርማ። ስለዚህ ሰማያዊው ከጥሬው ቀይ መዳብ ጋር በቀጥታ ከተዋሰነ፣ በመሃል ሐምራዊ ከሌለ፣ ተጠራጠሩ። በ10 እጥፍ ማጉያ ስታዩ ቀለሙ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ ሳንቲሙ ተፈትጓል፣ ቀለሙ በኋላ መጣ ማለት ነው። የእኔው ተራውን ጠብቆ ነበር፤ ጠርዙ አየርና የወረቀት ድኝ ቀድሞ የሚደርስበት ስለሆነ እዚያ ወፍሯል። እንዲህ ያለ ቀለም ብርቅ ቢሆንም ምክንያት አለው። ከ1909 እስከ 1916 የወጡት የሊንከን ማት ፕሩፎች (የሊንከን ምስል ያለባቸው፣ ገጻቸው የማያብረቀርቅ ፕሩፍ ሴንቶች) ብዙዎቹ ቀለም ያወጡት ተጠቅልለው ከቆዩበት ስስ ወረቀት ነው።

የተለመደው ምክር «ምንም አትንኩት» ነው። ፒቪሲ ላለበት መዳብ ይህ ምክር ስህተት ነው እላለሁ። ፒቪሲ ሲበሰብስ የሚለቀው የክሎሪን አሲድ መዳቡን መብላቱን አያቆምም፤ ዛሬ ያልነካችሁት አረንጓዴ ኋላ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። መታጠብ አለበት።

እጥበቱ ቀላል ነው። ሦስት የብርጭቆ ዕቃ፣ በእያንዳንዱ 50 ሚሊሊትር ንጹሕ አሴቶን። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ውሃ፣ ዘይትና ሽቶ አለበት። የፕላስቲክ ዕቃም አይሆንም፣ ብዙው ዓይነት ይሟሟል። መስኮት ክፍት፣ እሳት የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። በመጀመሪያው 30 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛው 2። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ መያዝ፣ አለመፈተግ። ፈሳሹ ውስጥ እያለ ቀለሙ ደብዝዞ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ፈሳሹ ከንጣፉ በላይ ያለውን ነጸብራቅ ስለሚቀንሰው ነው፣ ሲደርቅ ይመለሳል። በአንጻሩ ደርቆም ካልተመለሰ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ቫርኒሽ ወይም ዘይት ነበር ማለት ነው። የእኔው አረንጓዴ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ፣ ሐምራዊውና ሰማያዊው አልተነካም።

አሁን ወደ ማድረቁ።

ከሦስተኛው ዕቃ በወረንጦ አወጣሁት፣ ጀርባው እንዲያርፍ አድርጌ ስስ ጨርቅ ላይ አጋደምኩት፣ «አሴቶን ራሱ ይተናል» ብዬ ተውኩት። ሁሉም የሚጽፈው ይህንኑ ነው። አየሩ እርጥብ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ 70 በመቶ ያሳይ ነበር፣ አይቼው ትርጉም አልሰጠሁትም። አሴቶን የሚፈላው በ56 ዲግሪ ነው፤ በክፍል ሙቀት እንኳ ሲተን በጣም ይፈጥናል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን የሚወስደው ከሳንቲሙ ነው። ሦስት ግራም መዳብ ምን ያህል ሙቀት ይይዛል? በሰከንዶች ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ በዙሪያው ያለው እርጥበት ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ እንደሚያልበው ሳንቲሙ ላይ ያልባል። ውሃና አሴቶን ይዋሃዳሉ፤ አሴቶኑ ቀድሞ ይሄዳል፣ ውሃው መጨረሻ ላይ ይቀራል፣ በፈሳሹ ውስጥ የተረፈውን ቅባትና አቧራ ሁሉ ሰብስቦ።

ያየሁት ይህ ነው። ሜዳው (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ለጥ ያለ ገጽ) ለአፍታ እንደ እስትንፋስ ጉም ለበሰ። ጉሙ ከጠርዙ ወደ መሃል እየሸሸ መጥቶ አምስት ቦታ ላይ ተሰበሰበ፣ ትልቁ ከአገጩ ፊት ለፊት። ሲደርቅ አምስት ነጠብጣብ ቀረ። በማጉያ ሲታዩ እያንዳንዳቸው ዙሪያቸው ጠቆር ያለ ቀለበት፣ መሃላቸው ፈዛዛ፤ የፈሰሰ ቡና ደርቆ እንደሚተወው ክብ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ወዲያው ወደ ሦስተኛው ዕቃ መልሼው ቢሆን ቀለበቱን የሠራው ቅባት አብዛኛው ይሟሟ ነበር። እኔ ግን በአሴቶን የራሰ የጥጥ ዘንግ ይዤ ትልቁን ነጠብጣብ አንከባለልኩበት። ጫና አላደረግሁም፤ ማንከባለል ብቻ ነው። ፕሩፍ ሳንቲም ገና ምስል ባልተመታበት በተወለወለ ክብ መዳብ ላይ በተወለወለ ማተሚያ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚመታ ሜዳው መስታወት ነው፤ መስታወት ላይ ደግሞ ጥጥ እንኳ ይጽፋል። በተራ ሳንቲም ላይ የማይታይ ፀጉር የሚያክል ጭረት እዚህ ላይ ሳንቲሙን ባዘነበላችሁ ቁጥር ይበራል። ሰባት ጭረት ቆጥሬያለሁ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ የዘንጉን መንገድ ተከትለው። ነጠብጣቡ በነበረበት ቦታ ደግሞ ሐምራዊው ተገፍፎ ብርቱካናማ ሆኗል። ንጣፉ እዚያ ሳስቷል፤ ማንም አይመልሰውም። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ትክክለኛውን መንገድ በኋላ በርካሽ ሳንቲሞች ላይ እየሞከርኩ አገኘሁት። የክፍሉ እርጥበት ከ40 በመቶ በላይ ከሆነ አትጀምሩ፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። አራተኛ ዕቃ ጨምሩ፣ ፈጽሞ ያልተነካ አዲስ አሴቶን የያዘ። ሳንቲሙን በወረንጦ ጠርዙን ይዛችሁ አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፤ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ወስዳችሁ ሳቡት። ቀስ ሲባል ፈሳሹ እንደ መጋረጃ ተያይዞ ይወርዳል፣ ሲቸኮል ተቆራርጦ ይቀራል። የታችኛውን ጠርዝ ብናኝ የሌለው ወረቀት ጫፍ ላይ አስነኩት፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ወረቀቱ ይጠጣታል። ከዚያ በጎማ ፊኛ መንፊያ ከላይ ወደ ታች ንፉ። በአፋችሁ በጭራሽ፤ የምራቅ ፍንጣቂ መዳብ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። በቆርቆሮ የታሸገ አየርም አይሆንም፣ ፈሳሽ ይተፋል። ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ አሴቶን አጠገብ እሳት መጥራት ነው።

ሳንቲሙን እንደዚያው ለደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ሳንቲም መርምሮ ጥራቱን ለሚመዝን፣ ላክሁት። የመጣው መልስ «አጠያያቂ ቀለም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ጭረቱን ጠቅሰው «ታጥቧል» ቢሉ እቀበል ነበር፤ ልክ ነበሩ። ቀለሙ ግን ተራውን የጠበቀ ነው፣ በፊት ያነሳኋቸው ፎቶዎችም ያሳያሉ። ምን እንዳጠራጠራቸው ማብራሪያ ጠየቅሁ፣ ያንኑ መስመር ደገሙልኝ። ለሥራው የሚከፈል ገንዘብ እየተቀበሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አለመጨመር ያናድዳል። ከመላካችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ በሁለት ዓይነት ብርሃን፣ ቀጥ ብሎም አዘንብሎም፣ ፎቶ አንሱ፤ ክርክሩን ባያስረታ ለሚቀጥለው ገዥ ይጠቅማል።

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ለመዳብ የሚሰጡትን የቀለም መደብም አትመኑት። ሲመታ ከነበረው ቀይ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘው ቀይ ይባላል፣ ከ5 በመቶ በታች የያዘው ቡናማ፣ በመካከል ያለው ቀይ ቡናማ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ሳንቲም ወረቀቱ ላይ «ቡናማ» ተብሎ ይመዘገባል፣ የዋጋ መጽሐፍም ከሦስቱ ዝቅተኛውን ይሰጠዋል። እኔ ግን ሊደበዝዝ ከጀመረ ቀይ ይልቅ የረጋ ሰማያዊ እመርጣለሁ፤ ቀዩ ገና ብዙ የሚለወጠው አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለገዢዎች፦ ለሳንቲም ማጽጃ የሚሸጡ አንዳንድ ጠንካራ አልካሊ ፈሳሾች ቡናማ መዳብን በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ ሐምራዊ ያደርጉታል። ከላይ ያለውን ቅባትና ቆሻሻ ሲያነሱ ስሱ ንጣፍ ይጋለጣል። እንዲህ ያለው ቀለም ብዙ ጊዜ ሜዳውን ሁሉ እኩል ይሸፍናል፣ በፊደላቱ ዙሪያ ያለው ጥላ የለውም። ብር ማጽጃ አሲድ ደግሞ መዳብን ሮዝ የሚመስል ብርቱካናማ አድርጎ ይተወዋል፤ ያ ከሩቅ ይታወቃል።

ለማስቀመጥ፦ ፒቪሲ የሌለው የማይላር (የፖሊስተር ፕላስቲክ) ኪስ፣ ክዳኑ የሚገጥም ሣጥን፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች። የላስቲክ ማሰሪያና ቡናማ የወረቀት ፖስታ ድኝ ስላላቸው ከሣጥኑ ይውጡ። ሲሊካው ሰማያዊው ዓይነት ከሆነ ወደ ሮዝ ሲቀየር አውጥታችሁ አድርቁት፤ ሳንቲሙን መጀመሪያ አንሱት፣ ትኩስ ሲሊካ ከመዳብ ጎን አይመለስም።