የኔትወርካችን ቁልፍ በማን ኪስ ነበር?

በሙያዬ የሂሳብ ሰው ነኝ። ኔትወርክ የሚባለውን ነገር የተዋወቅሁት ወድጄ ሳይሆን፣ የድርጅታችን ብቸኛው የአይቲ ባለሙያ የተሻለ ሥራ አግኝቶ የለቀቀ ዕለት ነው። አስተዳደሩን የምመራው እኔ ስለነበርኩ 52 ኮምፒውተር፣ ሁለት ሰርቨር፣ ከውጭ የሚገባውን የሚያጣራ አንድ ፋየርዎልና ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኙ፣ ቁጥራቸውን ማንም በትክክል የማያውቃቸው ስዊቾች በአንድ ቀን እኔ ትከሻ ላይ አረፉ። ልጁ ሲሰናበተኝ ስድስት ፓስዎርድ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ሁለቱ አይሠሩም ነበር።

ሌላ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ሥራውን በኮንትራት ለውጭ ድርጅት ለመስጠት ወሰንን። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። አንድ ሰው ይታመማል፣ ዕረፍት ይወጣል፣ ይለቃል። ደግሞም ፋየርዎሉንም፣ ሰርቨሩንም፣ ዋይፋዩንም፣ ወረቀት የነከሰውን ፕሪንተርም እኩል የሚያውቅ ሰው የለም። የተሳሳትኩት ውሉን ሳነብ ነው። የሂሳብ ሰው እንደሚያነበው አነበብኩት፦ ወርሃዊ ክፍያ፣ የክፍያ ቀን፣ ቅጣት። «ለማንኛውም ብልሽት በ4 ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» የሚለው አንቀጽ ደስ አሰኝቶኝ ፈረምኩ።

ምላሽ ማለት መፍትሔ አለመሆኑ የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ኔትወርኩ ቀጥ አለ። ደወልኩላቸው፤ በ12 ደቂቃ ውስጥ «ጥያቄዎ ደርሶናል» ከሚል መልእክት ጋር የቲኬት፣ ማለትም የጥገና ጥያቄዬ የተመዘገበበትን፣ ቁጥር ላኩልኝ። በውሉ መሠረት ግዴታቸውን በዚያው ተወጡ። መስመሩ የተመለሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። መንስኤው ሲታወቅ ያስቅም ያናድድም ነበር፦ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ ያየ አንድ ደግ ሰው፣ አንስቶ ያገኘው ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶታል። የኬብሉ ሁለት ጫፎች እዚያው አንድ ስዊች ላይ ተሰኩ ማለት ነው። ለሁሉም ማሽን የሚላክ መልእክት በዚያ ቀለበት ውስጥ እየዞረና እየተባዛ መላውን ኔትወርክ አነቀው። ለዚህ መድኃኒት የሚሆነውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ፕሮቶኮል ራዲያ ፐርልማን የሠራችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የእኛም ስዊቾች ነበራቸው፤ የሚያበራው ሰው ነው የጠፋው።

በዚያው ሰሞን ውሉን እንደገና አወጣሁና ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። «99.9 በመቶ አገልግሎት» የሚለው ቁጥር ሲሰሙት ያኮራል። ሲያሰሉት ግን በወር 43 ደቂቃ፣ በዓመት ወደ 9 ሰዓት የሚጠጋ መቋረጥ ይፈቅዳል። ይህም ያን ያህል ክፉ አልነበረም። ክፉው፣ ቁጥሩ የሚለካው በእነሱ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያለውን ሰርቨር እንጂ የእኛን መሥሪያ ቤት አለመሆኑ ነው። የእኛ ሠራተኞች አንድ ቀን ተኩል እጃቸውን አጣጥፈው በዋሉበት ወር የመጣልኝ ሪፖርት 100 በመቶ ይላል።

ይህን ችዬው ነበር። ያላስቻለኝ የባክአፑ፣ ማለትም የፋይሎቻችን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነገር ነው።

በየማለዳው «ባክአፕ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያለበት ኢሜይል ይደርሰኛል። ለሰባት ወራት አየሁት፤ እውነቱን ለመናገር ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ማንበቡን ትቼ ነበር። አንድ ቀን የሂሳብ ክፍል ባልደረባዬ የዓመቱን የደመወዝ ፋይሎች የያዘውን ፎልደር በስህተት አጠፋች። «ምንም አይደለም፣ ባክአፕ አለን» አልኳት በኩራት። ፋይሎቹ ግን ከአምስት ወር በፊት ወደ አዲስ ዲስክ ተዛውረው ነበር፤ ያዛወሯቸው ደግሞ እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። ባክአፑ በየሌሊቱ ባዶውን የድሮ ፎልደር በታማኝነት ይገለብጥ ነበር፤ ስህተት ስላልገጠመው ደግሞ አረንጓዴ ምልክት ይልካል። የአምስት ወር ደመወዝ ከታተሙ ወረቀቶች ላይ አንድ በአንድ እየለቀምን መልሰን አስገባን። እንዲህ ያለው ነገር ትልልቆቹንም ይገጥማቸዋል፦ የሶፍትዌር ሠሪዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋበት፣ ከአምስት የመጠባበቂያ መንገዶቹ አንዱም በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሠራ አልነበረም። ከሰዓታት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ተገኝቶ ነው የ6 ሰዓት ያህል መረጃ ብቻ ጠፍቶ የተረፉት። እኛን ያተረፈን ወረቀት ነው።

ልንለያይ ስንወስን ነው ትልቁ ጉድ የወጣው። የፋየርዎሉን ፓስዎርድ ስጠይቅ «የድርጅታችን የውስጥ መረጃ ነው» አሉኝ። በራሳችን ገንዘብ የገዛነው፣ በራሳችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ! ውሉን ገለባብጬ አየሁ፤ ፓስዎርድ ስለማስረከብ አንድ ቃል የለም። የኢንተርኔት አድራሻችን፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የተመዘገበው በእነሱ አካውንት ነው። የኢሜይላችን ዋና አስተዳዳሪም እነሱ ናቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ እኔም በወርሃዊ ክፍያው ቅናሽ ስደሰት የቤቱን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። ዶሜይኑን ለማስመለስ ስድስት ሳምንት ደብዳቤ ስንጻጻፍ ከረምን። ፋየርዎሉን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ማታ የማውቀው ባለሙያ መጥቶ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መለሰውና ደንቦቹን ከዜሮ ጻፋቸው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ደንብ ለምን እንደሚያስፈልግ እየጠየቅሁ በደብተር መዘገብኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ኔትወርካችን የተማርኩት ያን ሌሊት ከተማርኩት አይበልጥም።

ሁለተኛውን ድርጅት ከመፈለጌ በፊት አንድ ሳምንት ወስጄ ያለንን ነገር ቆጠርኩ። የዕቃ ቆጠራ የሂሳብ ሰው ሥራ ስለሆነ በዚህ እንኳ ማንም አይበልጠኝም። እያንዳንዱን ኬብል እየተከተልኩ ሁለቱንም ጫፍ ላይ ቁጥር ለጠፍኩ። ግዢ ክፍል ውስጥ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ማን እንዳመጣት የማትታወቅ ትንሽ የዋይፋይ ራውተር አገኘሁ። በዙሪያዋ ላሉ ኮምፒውተሮች የተሳሳተ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ የምታድል እሷ ነበረች። «ሦስተኛው ፎቅ ኢንተርኔት አንዳንዴ ይጠፋል» የሚለው የዓመት ስሞታ ነቅዬ ስጥላት አብሮ ጠፋ።

በአዲሱ ውል ላይ ድርድሩ የተካረረው በዋጋ ሳይሆን በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብልሽት በክብደት ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የመፍቻ ጊዜ እንዲቀመጥ፤ መላው መሥሪያ ቤት ሲቆምና አንድ ፕሪንተር ሲበላሽ እኩል ወረፋ መያዝ የለባቸውም። ሁለተኛ፣ የሁሉም ነገር ዋና አስተዳዳሪ አካውንት በእኛ ስም እንዲሆን፣ እነሱ በየባለሙያው ስም በተከፈተ የራሳቸው መግቢያ እንዲገቡ። የመጀመሪያው ያነጋገርኩት ድርጅት በዚህ ቅር ተሰኝቶ ሄደ፤ መሄዱ ጠቀመኝ። ሦስተኛው የመለያያ አንቀጽ ነው፦ ውሉ በማንኛውም ምክንያት ቢቋረጥ በ10 ቀን ውስጥ ሰነዱን፣ የኔትወርኩን ካርታና ፓስዎርዶቹን አስረክበው የራሳቸውን መግቢያ ይዘጋሉ። ጋብቻ ሳይፈጸም ስለ ፍቺ መነጋገር እንደማለት ስለሆነ ሁለታችንንም አሳፍሮን ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ከውል በላይ ነው፦ እነሱ ቢጠቁስ? እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ማሽኖች ሁሉ ከርቀት የሚያዙበት ሶፍትዌር አላቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2021 አጥቂዎች የካሴያ ኩባንያን እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሰብረው በጥገና ድርጅቶች በኩል እስከ 1,500 ወደሚደርሱ ተቋማት ገቡ። በስዊድን ኩፕ የተባለው የሱፐርማርኬት ሰንሰለት የገንዘብ መቀበያ ማሽኖቹ ስለቆሙ 800 ገደማ ከሆኑት መደብሮቹ አብዛኞቹን ለመዝጋት ተገደደ። ኩፕ ራሱ የካሴያ ደንበኛ እንኳ አልነበረም፤ ጥቃቱ የደረሰው በሚያገለግለው ድርጅት በኩል ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ማንም ከፓስዎርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ሳይሰጥ ከውጭ አይገባም፤ አንዱ የባክአፕ ቅጂም ከኔትወርኩ ተነቅሎ ነው የሚቀመጥ፤ እነሱም አይደርሱበትም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ሆነ ማለቴ አይደለም። ሠራተኞቻችን ቲኬት መክፈት አሁንም አይወዱም፤ የሚያውቁትን ቴክኒሻን በግል ስልኩ ይደውሉለታል፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት ይመጣል፣ ጥገናው ሳይመዘገብ ይቀራል። የአፕዴት ነገርም ገና ያጨቃጭቀናል። ሥራ ይቋረጣል እያልኩ የማራዝመው እኔ ራሴ ነኝ። ቴክኒሻኑ አንድ ቀን ብስጭት ብሎ «ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የዋናክራይ ቫይረስ መከላከያ አፕዴት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ወጣ፤ ቫይረሱ የተነሳው ግንቦት 12 ነው» አለኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። የወሩን ሁለተኛ እሑድ ፈቀድኩለት።

ለራሴ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ሥራ ቀርቶኛል። በየሦስት ወሩ ደግሞ፣ ሳልነግራቸው የመረጥኩትን አንድ ፎልደር «ጠፍቶብኛል፣ መልሱልኝ» ብዬ ሰዓት እይዛለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ሙሉ ቀን ፈጅቶ ግማሹ ፋይል አልተከፈተም። ያለፈው 50 ደቂቃ ወሰደ። የመረጥኩት የደመወዙን ፎልደር ነበር፤ የሂሳብ ክፍል ባልደረባዬ አጠገቤ ቆማ ፋይሎቹን እየከፈተች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።