በጥያቄና በመልስ መካከል ያለች ጸሎት

የጌታ ስም ይባረክ! ድንጋጤ ጨርሶ እንዳይነካን የለመንን ሰዎች ነን። የተሰጠን መልስ ግን ሌላ ነው፦ ድንገተኛው ነገር ይመጣል፣ ልብም ይመታል፣ ሰውነት ግን አይታሰርም፣ አንደበትም አይያዝም። የምንመሰክረው ስለዚህ ነው። «ጌታ አረጋጋኝ» ብቻ ተብሎ የሚያልፍ ምስክርነት እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ ስለማይፈይድለት፣ መንገዱንም እንጽፋለን።

የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረውን ነህምያን ተመልከቱ። ንጉሡ አርጤክስስ ፊቱ ለምን እንዳዘነ ድንገት ሲጠይቀው እጅግ ፈራ፤ ራሱ ጽፎታል (ነህምያ 2፥2)። ከዚያ ጸለየ፣ ከዚያ መለሰ። ያች ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ የምትረዝም አይመስለንም፤ ንጉሥ ቆሞ አይጠብቅማ።

በድንጋጤ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሲለቀቅ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ስለሚሄድ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ትከሻ ይሰቀላል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ትንፋሽ ደረት ላይ ይቀራል። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ልብን «ቀስ በል» ብለው ቢያዙት አይሰማም፤ ትንፋሽና ጡንቻ ግን ይሰማሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ አየር ይውጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል ደጋግሞ በኃይል ይስባል። ያኔ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ራሱን ያዞረዋል፣ ከንፈሩንና የጣቱን ጫፍ ይወርረዋል፤ «ባሰብኝ» ብሎ ይበልጥ ይደነግጣል። ከንፈርን ገርበብ አድርጎ ለ6 ሰከንድ ያህል ማስወጣት፣ በልብም «ማረኝ» ማለት፤ ቀጥሎ በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ሆድ ከፍ እስኪል መሳብ፣ «ጌታ ሆይ»። እንዲህ ሲሆን በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ የልብን ምት የሚያበርደው ረጅሙ ማስወጣት ነው። ሦስት ዙር ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ጊዜ ከሌለ አንዱ ማስወጣት ይበቃል።

አየሩ ሲወጣ ትከሻ አብሮ ይውረድ፣ ጥርስና ጥርስ ይላቀቁ። የቆመ ሰው ጉልበቱን አይቆልፍ፤ ደም እግር ላይ ተጠራቅሞ ራስን ሊያስት ይችላል። የተቀመጠ ሁለቱንም እግሩን መሬት ያስረግጥ።

ነገሩ የማይሠራው በጭንቁ ቀን ለሚጀምሩት ነው። ነህምያ በካሴሉ ወር ጾሞ መጸለይ ጀምሮ ንጉሡ የጠየቀው በኒሳን ነበር፣ አራት ወር ገደማ በኋላ። አጭሯ ጸሎት ሥር ነበራት፤ ስለዚህም ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ፣ ለግንባታው የሚሆነውን እንጨት፣ የሚመለስበትን ጊዜ ሳይደናገር ተናገረ። ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ከጠዋት ጸሎት ጋር አምስት ደቂቃ ይሰጠው፦ ጡጫንና ትከሻን ለ5 ሰከንድ ማጥበቅ፣ ለ15 ሰከንድ መልቀቅ፣ መደጋገም። ጡንቻው የሚሸመቀቅበት ሰው በግማሽ ኃይል ያጥብቅ። ሰከንድ መቁጠሩ ራሱ የሚያስጨንቀውም ቁጥሩን ይተወው፤ የጸሎቱ ቃል ይለካለታል።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ደረት የሚጨመድድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ሲመጣ በትንፋሽ ልምምድ ጊዜ አይባክንም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። አስም ያለበት መጀመሪያ የሚስበውን መድኃኒት ይጠቀም። የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድም ጸሎቱ ተመለሰልኝ ብሎ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ድንገት ሲቆሙ የሚጎዱ አሉና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ቀስ በቀስ ይቀንስ።