ግሬጎር ሳምሳን ጅዳ ላይ አነበብኩት

የፕራጉን ደራሲ የካፍካን «ሜታሞርፎሲስ» የተባለ ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ የሚያወራው ስለ ተባዩ ነው። ግሬጎር ሳምሳ የሚባለው ሰውዬ ጠዋት ሲነቃ ግዙፍ ተባይ ሆኗል፤ ይኸው ነው የሚያስገርማቸው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ፤ ተባዩን ቶሎ አለፍኩት።

ያስቆመኝ ገንዘቡ ነው። ግሬጎር በየከተማው እየዞረ ጨርቅ ይሸጣል፣ የአባቱን ዕዳ ይከፍላል፣ ቤቱን ያስተዳድራል። መጀመሪያ ላይ ብር ይዞ ሲገባ ቤቱ በደስታ ይሞላ ነበር። ኋላ ተለመደ። እነሱ አመስግነው ይቀበላሉ፣ እሱም ደስ ብሎት ይሰጣል፣ የድሮው ሙቀት ግን የለም። መጽሐፉ የታተመው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፕራግ ሰው የወንድሜን ስልክ ከየት ሰማው? ድሮ «እታለም፣ እንዴት አደርሽ? ጤናሽስ?» ነበር። ዛሬ «ሐዋላው ገብቷል» ብቻ፣ እሱም በጽሑፍ።

ፍቅሩን ካፍካ በጥቂት ቃላት ነው ያለፈው። ባርኔጣ ቤት ገንዘብ ተቀባይ የነበረች ልጅ ከልቡ ፈልጓት ነበር፣ ግን ዘገየ። (ራሱ ካፍካም ከፌሊስ ባወር ጋር ሁለቴ ተጫጭቶ ሁለቴም ሳይጋቡ ቀርተዋል።) የእኔው ባጃጅ ነጂ ነበር። «ወንድሜ ይመረቅ» አልኩት፣ ቀጥሎ «የእናቴ ቤት ይለቅ» አልኩት። ጠበቀ ጠበቀና ሌላ ኒካህ አሰረ። አልተቀየምኩትም።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ቦታ ነው። ግሬጎር ክፍሉ ተዘግቶበት በሩ ጀርባ ሆኖ ሲያዳምጥ፣ አባትየው ከከሰረው ንግድ የተረፈ ገንዘብ እንዳላቸው፣ እሱ ከሚያመጣውም ተርፎ እንደተጠራቀመ ይሰማል። ያ ብር ዕዳውን ቀንሶ ከዚያ ሥራ ቶሎ ባወጣው ነበር። እሱ ግን እሰይ፣ አስበውበታል ብሎ ይደሰታል! እዚህ ስደርስ ተናደድኩ። ስገባ እሠራበታለሁ ብዬ ብር የላክሁበት ቦታ በወንድሜ ስም መሆኑን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ለእናቴ ስነግራት «አብሽሪ ልጄ፣ የሱም ያንቺም አንድ አይደል?» አለችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወዳጃ በተቀመጠች ቁጥር ዱዓ የምታስደርግልኝ እሷ ናት። ለዚህ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ግሬጎር በሩ ጀርባ ዝም አለ። እኔ ወንድሜ ጋ ደወልኩና ካርታው ላይ ስሜ ይግባ አልኩት። «እንነጋገርበታለን» ብሏል። እስኪ እንነጋገር፤ የዚህ ወር ሐዋላ ግን በእናቴ ስም ነው የገባው።