ፒክአፕ ላይ የተጫነ ድንኳን፦ ከአስፋልት እስከ እርጥብ ጠዋት

ከመነሳታችን በፊት 13 ቁጥር ቁልፍ ይዤ ካሶኒው፣ ማለትም የፒክአፑ የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ እወጣለሁ። መኪናው ላይ ተዘርግቶ የምንተኛበትን ድንኳን ከስሩ ካሉት አግዳሚ ብረቶች ጋር ያሰሩት ስምንቱ ብሎኖች ባለ 8 ሚሊሜትር ናቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ ከብሎኑ ጫፍ ተነስቶ ዳዶውን አቋርጦ የሚወርድ ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር ተሰምሯል። መስመሩ እንዳለ ከሆነ ዳዶው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ከተላለፉ ላልቷል። መስመሩ ካለ ነዳጅ እየተቀዳ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። አዲስ የታሰረ ድንኳን ከመጀመሪያው 50 ኪሎሜትር በኋላ፣ ከዚያ 200 አካባቢ ላይ፣ ኮሮኮንች ላይ ደግሞ በየማታው መታየት አለበት። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በንዝረት ቶሎ አይፈታም። ሲጠብቅ ግን ጉልበት አይበዛበትም። የብሎኑ ራስ የሚገባበት የአሉሚኒየም ሐዲድ ከንፈሩ ስስ ነው፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይከፈትና ብሎኑ ከነራሱ ተስቦ ይወጣል።

ስለ ድንኳን ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ ስንት ሰው ያስተኛል የሚለው ነው። እኔ የምጀምረው ከክብደቱ ነው፤ ቀጥዬ የምጠይቀው ጠዋት በዝናብ እንዴት እንደሚታጠፍ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ሌላው ቀላል ነው።

ለሁለት ሰው የሚሆን ድንኳን እንደ አሠራሩ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። መመሪያ ደብተሩ ላይ ለጣሪያ የተጻፈው የጭነት ልክ መኪናው ሲሄድ የሚችለው ነው፤ ብዙ ደብል ጋቢና ፒክአፖች ላይ ከ75 እስከ 100 ኪሎ መሀል ይሆናል፣ ጣሪያ ላይ የሚታሰረው የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ፖርቶመጋላው፣ ራሱም ከዚያው ውስጥ ይቆጠራል። መኪናው ሲቆም ስሌቱ ይለወጣል። 60 ኪሎ ድንኳን፣ 150 ኪሎ የሁለት ሰው ክብደት፣ 10 ኪሎ አልጋ ልብስ ተደምሮ 220 ኪሎ ይመጣል። ይህ ሸክም አይነጥርም፣ ኩርባ ላይም አይገፋም፤ ስለዚህ ደህና ፖርቶመጋላ ይችለዋል። በጉዞ ላይ ግን ያው 60 ኪሎ ጉድጓድ በተገባ ቁጥር ከክብደቱ በላይ ሆኖ ይመታል። ብረት የሚሰነጠቀው ሌሊት ሳይሆን መንገድ ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አጠቃላይ ጭነቱም መደመር አለበት። አንድ ቶን ይጭናል የሚባለው ፒክአፕ በሰነዱ ላይ ብዙ ጊዜ 800 ወይም 900 ኪሎ ነው። አራት ሰው 300፣ ውሃ 60 ሊትር 60፣ ድንኳን 60፣ ድንኳኑ የሚያርፍበት የብረት ፍሬም 30፣ ማቀዝቀዣና ተጨማሪ ባትሪ 60፣ ሁለተኛ ተቀያሪ ጎማ 30፣ መፍቻና ክሪክ 25 ቢሆን 565 ኪሎ ደረሰ። የ80 ሊትር ናፍጣ 67 ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል፤ አንዳንድ አምራች ነዳጁን ከባዶ ክብደቱ ጋር ስለሚቆጥረው ሰነዱን ማንበብ ያስፈልጋል። ልብስ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛና የምግብ ዕቃ ገና አልገቡም።

ደብል ጋቢና ላይ ድንኳን ሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፦ ጋቢናው ጣሪያ ላይ፣ ካሶኒውን በሚሸፍን የፋይበር ክዳን ላይ፣ ወይም ካሶኒው ላይ በሚቆም የብረት ፍሬም ላይ። እኔ ፍሬሙን እመርጣለሁ። ድንኳኑ ከጋቢናው ጣሪያ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ሲሠራ ነፋሱን ጋቢናው ይከፍልለታል፣ ክብደቱም ወደ መሬት ይቀርባል። ከዚያ ዝቅ ማድረግ ለመንዳት ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከስሩ ዕቃ ለማውጣት በየቀኑ መንበርከክ ይመጣል። የፋይበር ክዳን ደግሞ የራሱ የጭነት ልክ ስላለው፣ ያ ቁጥር በጽሑፍ ሳይገኝ ምንም አይታሰርበትም።

ፈጽሞ የማይደረገው ከሁለቱ አግዳሚ ብረቶች አንዱን ጋቢናው ላይ፣ ሌላውን ካሶኒው ላይ ማሰር ነው። ጋቢናና ካሶኒ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከስር የሚሸከመው ብረት ላይ ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ጋቢናው ወደ አንድ ወገን፣ ካሶኒው ወደ ሌላው ያዘነብላሉ፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው በግልጽ ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ድንኳን ወይ ወለሉ ይሰነጠቃል ወይ ብሎኑ ይበጠሳል። ረጅም ድንኳን ከካሶኒው አልፎ ጋቢናው ላይ ቢንጠለጠል ችግር የለውም፤ ከጣሪያው ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል እንጂ።

ፍሬሙ በግራና በቀኝ ሰያፍ ድጋፍ ከሌለው ሌሊት አንዱ በተገላበጠ ቁጥር ሌላውን ይቀሰቅሳል። የሚሰነጠቀውም እግሩ የተበየደበት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ትታያለች፤ ከዝናብ በኋላ ከመስመሯ ቡናማ የዝገት ውሃ ወርዶ ይደርቃል። ያንን ያየ ሰው በዚያው ቀን ማስበየድ አለበት። የካሶኒው ላሜራ ስስ ስለሆነ ብሎን በሚያልፍበት ቦታ ከውስጥ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ይደረግለት፤ ሮንዴላ ብቻውን ላሜራውን በስቶ ይወጣል።

ወደ ድንኳኑ ዓይነት ስንመጣ፣ ባለ ሸራ ሽፋኑ ሲታጠፍ 1.2 በ1.4 ሜትር ያህል ሆኖ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ሲዘረጋ 2.4 ሜትር ይረዝማል፣ ግማሹ ወለል ከመኪናው ውጭ ሆኖ በመሰላሉ ይደገፋል። ለክብደቱ ሰፊ መኝታ የሚሰጠው እሱ ነው። ባለ ጠንካራ ክዳኑ ደግሞ ሁለት ሦስት መያዣ ሲፈታለት በጋዝ ገፊዎች በደቂቃ ውስጥ ይነሳል፣ ወለሉም ከመኪናው አይወጣም። በእጅ ዘንግ እየተዞረ የሚነሳም አለ፤ ጣሊያን ውስጥ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ማጆሊና የተባለ ድንኳን በዚህ መንገድ ነው የሚከፈተው። ዘንጉ ዘገምተኛ ቢሆንም በብርድ አይዳከምም። ጋዝ ገፊ ግን ብርድ ሲሆን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ባረጀ ቁጥርም ይደክማል። ክዳኑ በራሱ መቆም ሲያቅተው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ሲሆን ክዳኑ ይጣመማል።

እኔ በየቀኑ ቦታ ለሚቀያየር ጉዞ ጠንካራ ክዳኑን፣ አንድ ቦታ ሦስት አራት ቀን ለሚቀመጥና ልጆች ላሉት ቤተሰብ ባለ ሸራውን እመክራለሁ። ምክንያቱም ድንኳኑ ካልታጠፈ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ለአጭር መንገድም ቢሆን ሁሉም ይታጠፋል፤ ባለ ሸራው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፣ ያ በሳምንት ጉዞ ውስጥ በየቀኑ ሲመጣ ይሰለቻል።

ጨርቁ ከጥጥና ከፖሊስተር የተቀላቀለ፣ በካሬ ሜትር 280 ግራም አካባቢ የሚመዝን ሸራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እንፋሎት ያሳልፋል። የዝናብ መከላከያው 2000 ወይም 3000 ሚሊሜትር ተብሎ ሲጻፍ፣ 2 ወይም 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት ሳያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። አዲስ ሸራ ከጉዞ በፊት ተዘርግቶ በደንብ በውሃ ይረስርስና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ይህ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገም። ክሩ ውሃ ሲጠጣ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይዘጋል። ይህን ሳያደርጉ የወጡ ሰዎች በመጀመሪያው ዝናብ ስፌቱ ላይ ጠብታ አይተው ድንኳኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

መንገድ ላይ ስንሆን ፍጥነት ሁሉን ይወስናል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ ከ80 ወደ 100 ኪሎሜትር በሰዓት ስንወጣ መኪናው የሚገፋው አየር በ56 በመቶ ይከብዳል። የነዳጅ መርፌው ቶሎ የሚወርደው ከዚህ የተነሳ ነው። ኩርባ ላይ መኪናው ከለመድነው በላይ ያዘነብላል፣ ፍሬንም ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ከፍታውን ለክቼ፣ 2.25 ሜትርም ይሁን 2.3፣ በወረቀት ጽፌ ከሹፌሩ ፊት እለጥፋለሁ። የመኪና ማቆሚያ በር ላይ የሚመታው ሰው ከፍታውን የረሳ ነው።

ኮሮኮንች ላይ አቧራው ከኋላ ተጠቅልሎ ይመጣና በሽፋኑ ዚፕ ይገባል። የዚፑ ጥርስ ውስጥ የቀረው አሸዋ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ማታ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሼ፣ ሲደርቅ ሻማ አሻሸዋለሁ። ዘይት ግን አይነካውም፤ አቧራ ይይዛል።

የማድሪያ ቦታ ስንደርስ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀና ብዬ ዛፍ አያለሁ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ ከስሩ አላቆምም። ቀጥዬ መሬቱን አያለሁ፤ ደረቅ የወንዝ ወለል ሜዳ ቢሆንም አይታደርበትም፣ ዝናቡ ሩቅ ጥሎ ጎርፉ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ካሶኒው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣለሁ። በፊትና በኋላ ጎማ መሀል 3 ሜትር ርቀት ባለው ፒክአፕ፣ የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች 10 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ በ2 ሜትር ፍራሽ ላይ ወደ 7 ሳንቲሜትር ያስተካክላል። ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ ይበቃል። ትንሽ ዘንበል ካለም ራስ ወደ ከፍታው ይሁን። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማም ላይ ድንጋይ ማስደገፍ አይዘለልም፤ ላይ ሰው ይተኛል።

የመኪናው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል። የድንኳኑ ዝቅተኛ ጎን ነፋሱን ሲቀበል ጨርቁ አይርገበገብም፣ ሌሊቱም ጸጥ ይላል። መሰላሉ 75 ዲግሪ ያህል ቆሞ ይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ 4 ክንድ ከፍታ እግሩ 1 ክንድ ይራቅ። በባለ ሸራው ድንኳን መሰላሉ ወለሉንም ስለሚሸከም ርዝመቱ በትክክል ይለካ፦ ሲያጥር ማጠፊያው ላይ ክብደት ይወርዳል፣ ሲረዝም ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከእግሩ ስር ጣውላ ይደረግ፣ አለዚያ ሌሊት ይሰምጣል። ወደ ኋላ የሚዘረጋ ድንኳን ሲመረጥ የኋላው ስፖንዳ (የካሶኒው መዝጊያ) ወርዶ መሰላሉን እንደማይነካ መለካት ይገባል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ሌሊቱ ውስጥ ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው፣ እሱም ከውጭ ብቻ አይመጣም። ሁለት ሰው በትንፋሽና በላብ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ያወጣል። ሁሉም መስኮት ሲዘጋ ይህ ውሃ ጣሪያው ላይ ጠብታ ይሆናል፣ በፍራሹ ውስጥም ዘልቆ ቀዝቃዛው የአሉሚኒየም ወለል ላይ ይቆማል። ጠዋት ፍራሹን ጥግ ላይ አንስቶ ስሩን በእጅ መዳሰስ በቂ ማስረጃ ነው፦ ላዩ ደረቅ ሆኖ ስሩ ይረጥባል። መፍትሔው ተቃራኒ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍቶ መተኛት፣ ከፍራሹ ስርም አየር የሚያሳልፍ 1 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የተጠላለፈ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ብርድ ነው ብሎ መዝጋት የባሰ ብርድ ያመጣል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ አያሞቅም። ለማሞቅ ብሎ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ወደ ድንኳኑ ማስገባት ደግሞ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም።

ነፋሱ እየጠነከረ ሄዶ የዝናብ መከላከያ ጨርቁን የሚወጥሩት ዘንጎች ከቀዳዳቸው መውጣት ከጀመሩ፣ ወርዶ ድንኳኑን አጥፎ ጋቢና ውስጥ ማደር ይሻላል። ይህ ውሳኔ ቀደም ብሎ ሲወሰን ቀላል ነው፤ ዘንጉ ከተጣመመ በኋላ ድንኳኑ በጨለማ አይታጠፍም።

ጠዋት ዘንቦ ካደረ እንዲህ አደርጋለሁ። ልብስና ትራስ ወደ ጋቢና ይወርዳል። ፍራሹ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ይዘረጋል፣ የረጠበው ጨርቅ ሲታጠፍ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። ጣሪያው ከውስጥ በፎጣ ይታበሳል፣ የውጩ ጨርቅ ከስር በእጅ ተመትቶ ውሃው ይራገፋል። ባለ ጠንካራ ክዳኑን ስዘጋ አንድ መስኮት ክፍት እተዋለሁ፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ጨርቁ እንደ ፊኛ ይነፋና በጠርዙ ይወጣል። በጨርቁ ዙሪያ የሚታሰር የላስቲክ ገመድ ወደ ውስጥ ስለሚስበው ብዙ ያግዛል። ከዚያ ዙሪያውን እየሄድኩ የወጣውን በጣት አስገባለሁ፤ በክዳኑ ጠርዝ ተቆንጥጦ የቀረ ጨርቅ ኮሮኮንቹ ላይ ሲታሽ ውሎ ይበሳል።

እርጥብ የታጠፈ ድንኳን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ48፣ ተከፍቶ መድረቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ በስፌቱ ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ ይጀምራል፤ ሻጋታ ነው፣ ሽታው ቢጠፋ እንኳ ነጠብጣቡ አይለቅም። ከጉዞ ስንመለስ ድንኳኑን የምከፍተው ሌላው ዕቃ ሳይወርድ ነው፤ ፍራሹ ወጥቶ በጎኑ ይቆማል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ይከፈታሉ። ለወራት የማይፈለግ ከሆነ ለአራት ሆነን እናወርደዋለን፣ ከሲሚንቶው ወለል በጣውላ ከፍ አድርገን እናስቀምጠዋለን፣ ብሎኖቹንም በከረጢት አድርጌ እዚያው መሰላሉ ላይ አስራለሁ።