ዋንጋሪና የቤት ጉዳይ

ለማርች 8 «ስለ አንዲት አርአያ ሴት አሥር ደቂቃ ተናገሪልን» ተብያለሁ። ኬንያዊቷን ዋንጋሪ ማታይን መረጥኩ። የክፍላችን ኃላፊ ሲሰማ «ጎሽ፣ የዛፏ ሴትዮ!» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቃት በዛፍ ተከላና በኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። እኔን ግን ታሪኳን ስከልስ እንቅልፍ የነሳኝ የቤት፣ የደሞዝና የልጆች ነገር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በ1940 ኬንያ፣ ኒየሪ አካባቢ ተወለደች። በ1960 በነፃ የትምህርት ዕድል አሜሪካ ሄደች። ካንሳስ ውስጥ ባዮሎጂ ተማረች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ፒትስበርግ ሠራች። በ1966 ናይሮቢ የተመለሰችው በዩኒቨርሲቲው ሥራ አግኝታ ነው። ስትደርስ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሴት በመሆኗና በጎሣዋ ምክንያት እንደሆነ ታምን ነበር። ደግነቱ አንድ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር የእንስሳት ሕክምና አናቶሚ ክፍል ውስጥ ቀጠራት። በ1971 ዶክትሬቷን ያዘች፤ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1976 የክፍሉ ኃላፊ፣ በ1977 ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነች።

ማዕረጉ ይኼ ነው። ጥቅማ ጥቅሙ ግን ሌላ። ለወንድ መምህራን የሚሰጠው የቤት፣ የሕክምናና የጡረታ መብት ለሴቶቹ በእኩል አይሰጥም ነበር።

እዚህ ላይ አንብቤ ቆምኩ። እኔም ድሮ የማስተምርበት ቦታ ለመምህራን መኖሪያ ቤት ተመዝግቤ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፎርሜን ገለበጥ ገለበጥ አደረጉና «ባለቤትሽ ቤት የለውም እንዴ?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም፣ እንደ አባት ነው የጠየቁኝ። ከእኔ በኋላ የተቀጠረውን ወንድ ባልደረባዬን ግን «ሚስትህስ?» ያለው የለም። ቤቱን እሱ አገኘ።

ዋንጋሪና አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ዝም አላሉም። የመምህራኑን ማኅበር ወደ ሠራተኛ ማኅበር ቀይረው ለመደራደር ሞከሩ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ የጡረታ ጥያቄው ሳይታሰብ ፖለቲካ ሆነ። ፍርድ ቤት ማኅበሩን አልፈቀደም። ከጠየቁት ብዙው ግን ኋላ ላይ ተመለሰላቸው። ሰው «ፖለቲካ የገባችው መቼ ነው?» ሲል ፓርላማ የገባችበትን 2002 ብሎ ይመልሳል። በእኔ ግምት የገባችው ያኔ ነው።

ዛፉም ቢሆን ከማስተማሩ ተነጥሎ የመጣ አይደለም። ለምርምር ከከብት ላይ መዥገር ስትለቅም ወንዞቹ አፈር ተሸክመው ቡናማ ሆነው፣ ሣሩ ሳስቶ፣ ከብቶቹ ከስተው አየች። በኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ደግሞ የገጠር ሴቶች ማገዶ ጠፋ፣ ውኃ ራቀ፣ ልጆቻችን በቂ ምግብ አጡ እያሉ ሲናገሩ ሰማች። ሁለቱን ገጠመችና በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ጀመረች። ሴቶቹ ለሚጸድቅላቸው ችግኝ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸዋል። ትንሽ ነው፣ ግን በእጃቸው የሚገባ የራሳቸው ገንዘብ ነው።

በዚያው ዓመት ባሏ ተለያት። በ1979 ተፋቱ። ዳኛውን በአንድ መጽሔት ላይ ብቃት የሌለው ወይም ሙሰኛ ነው ብላ ወረፈችው፤ ችሎት በመድፈር ስድስት ወር ተፈረደባትና ሦስት ቀን ታስራ ወጣች። ከዚያ ደሞዙ ሦስት ልጆች ማሳደግ አቃተው። በተባበሩት መንግሥታት በኩል ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠራ ሥራ ተገኘላት። ኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው፣ በደጁ ስንቴ በታክሲ የማልፍበት ነው። የእሷ ሥራ ግን መቀመጫው ሉሳካ፣ ቀሪው ከአገር አገር መዞር ነበር። ልጆቹን ወደ አባታቸው ላከችና ሄደች። ትጠይቃቸው ነበር፤ የኖሩት ግን እስከ 1985 ከአባታቸው ጋር ነው።

ባለቤቴ ረቂቁን አይቶ «ይቺን አውጪያት፣ በዓል ነው፣ ሰው ይከፋዋል» አለኝ። እኔ ደግሞ አልወጣልኝም። መድረክ ላይ የምንደረድራቸው ጀግኖች ልጅ የሌላቸው፣ ኪራይ የማይከፍሉ ይመስላሉ። ከፊቴ የሚቀመጡት ወጣት መምህራን ግን ግማሾቹ ልጃቸውን እናታቸው ጋ ጥለው ነው የሚመጡት።

በ1982 የባሰ መጣ። ለፓርላማ ማሟያ ምርጫ ለመወዳደር ሕጉ የዩኒቨርሲቲ ሥራሽን ልቀቂ አላት፣ ለቀቀች። ከዚያ በመራጭነት ምዝገባ ሰበብ ከውድድሩ አስወጧት። ሥራዋን መልሱልኝ ብትል እምቢ አሏት። የምትኖረው በዩኒቨርሲቲው ቤት ስለነበር ቤቱንም ልቀቂ ተባለች። ለስንት ዓመት የተከራከረችበት ቤት! ቀደም ብላ የገዛቻት ትንሽ ቤት ባትኖር የት ትወድቅ ነበር? ይቺን ቤት ንግግሬ ውስጥ በደማቁ አስምሬባታለሁ።

የቀረውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1989 ናይሮቢ መሐል ባለው የሕዝብ መናፈሻ፣ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃወመች። የፓርላማ አባላት የንቅናቄዋን ሴቶች «የፈቶች ጥርቅም» ብለው ሰደቧቸው፤ ፎቁ ግን ቀረ። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች በዚያው ፓርክ የረሃብ አድማ ሲያደርጉ አብራቸው ነበረች፣ ፖሊስ ራሷን እስክትስት ደበደባት። እናቶቹ ካቴድራል ገብተው ቀጠሉ።

በ2002 ቴቱ በሚባለው የትውልድ አካባቢዋ 98 በመቶ ድምፅ አግኝታ ፓርላማ ገባች። መንግሥቱ የሰጣት ሹመት የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ረዳት ሚኒስትርነት ነው። በ2004 ኖቤል ስትሸለምም ረዳት ሚኒስትር ነበረች። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም፣ «ሚኒስትር ነበረች እኮ» ይሉኛል። አልነበረችም። በ2007 ደግሞ በፓርቲዋ የውስጥ ምርጫ ተሸንፋ የፓርላማ ወንበሯን አጣች። ሽንፈቱንም አስገብቼዋለሁ፤ ባለቤቴ እስካሁን አላየውም።