አርማው ሲገለበጥ

ከትራንስፎርመርስ ሮቦቶች ሁሉ ልቤን የሚወስደው ክሊፍጃምፐር ነው። ወደ ትንሽ ቀይ መኪና የሚቀየር፣ ቁመቱ አጭር፣ ቁጣው ግን ከሁሉም የሚቀድም። ወገኑ ደጎቹ አውቶቦቶች ናቸው፤ ጠላቶቻቸውን፣ ክፉዎቹን ዲሴፕቲከኖች፣ አምርሮ ይጠላል። በድሮው ካርቱን ጥርጣሬው ገፍቶት የገዛ ወገኑን ሚራዥን ከሃዲ ያለበት ክፍል አለ። እንዲህ ያለውን ሰው (ሮቦት ቢሆንም ለእኔ ሰው ነው) አንስተው ደጉ ሁሉ ክፉ፣ ክፉው ሁሉ ደግ በሆነበት ዓለም ውስጥ ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሻተርድ ግላስ የተባለው ኮሚክ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሰሞኑን ደግሜ ሳነበው ሐሳቡ ከራሴ አልወጣ ስላለ እዚህ ላሰፍረው ወደድኩ።

በዚያ ዓለም የአውቶቦቶቹ መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ጨካኝ ወራሪ ነው። መጫወቻው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ ካርቶኑ ላይ ነፃነት የማሰብ ችሎታ ያለው ፍጡር ሁሉ መብት እንደሆነ የተጻፈለት ያው መሪ! የምናውቀው ቀዩ የአውቶቦት አርማ ሐምራዊ ሆኗል፤ ሐምራዊው የዲሴፕቲከን አርማ ደግሞ ቀይ። የዲሴፕቲከኖቹ መሪ ሜጋትሮን የተገፉትን ሰብስቦ ግፍን የሚቋቋም ነው። ሁልጊዜ የአለቃውን ወንበር ሲመኝ የኖረው ስታርስክሪም እዚህ ታማኝ ነው። እኛ የምናውቀው ግሪምሎክ ቃላት የሚያጥሩት፣ ራሱን በስሙ እየጠራ የሚያወራ ጉልበተኛ ነበር፤ በዚህኛው ዓለም ከሜጋትሮን ጎን ተሰልፎ እንደ ተማረ ሰው አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ይናገራል።

ሌላው ሁሉ ሲገለበጥ ያልተገለበጠው ክሊፍጃምፐር ብቻ ነው። ከኛው ዓለም ነዋ የመጣው። ወዳጆቼ የሚላቸው ሰዎች መልክ አለ፣ ስማቸውም አለ፣ ድምፃቸውም አለ፤ ሥራቸውን ሲያይ ግን ሆዱ ይሸበራል። ዕድሜውን ሙሉ ሲተኩስበት የኖረው ሜጋትሮን ደግሞ ደካማውን ሲጠብቅ ያያል። ምን ያድርግ? ለእኔ የኮሚኩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዘመን የተሸከመው ጥላቻ ያን ቀን ምንም አልጠቀመውም፤ ዓይኑ የሚያየውን ማመን ነበረበት። መጨረሻ ላይ ከሜጋትሮን ጎን ይቆማል። ስታስቡት ከባድ ነገር ነው፤ ለዚያ ሁሉ ቂም የዳረጉት በደሎች እውነት ነበሩ፣ ግን እዚህ ፊቱ የቆመው ሜጋትሮን አላደረጋቸውም።

የተገላቢጦሽ ዓለም በኮሚክ አዲስ ነገር አይደለም። ዲሲ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1964 የጀግኖቹን መልክ የያዙ ወንጀለኞች የሚገዙት ምድር አሳይቷል። ከመጫወቻ የተወለደ ታሪክ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ለየት ይላል፤ ምክንያቱ ከፋብሪካው ይጀምራል።

የመጀመሪያዎቹ ትራንስፎርመርስ አብዛኞቹ ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዳያክሎንና ማይክሮማን በሚሉ ስሞች ይሸጣቸው የነበሩ መጫወቻዎች ናቸው። በዳያክሎን ውስጥ መኪኖቹም ጄቶቹም ትንንሽ አብራሪዎች የሚቀመጡባቸው፣ የአንድ ወገን መሣሪያዎች ነበሩ። ኋላ ኦፕቲመስ ፕራይም የሆነው የጭነት መኪናና ኋላ ስታርስክሪም የሆነው ጄት በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ጓዶች ማለት ነው። የእውነት ጠላት የነበሩት ኋላ ኢንሴክቲከን የተባሉት ነፍሳት መሳይ ሮቦቶች ናቸው። የአሜሪካው መጫወቻ ኩባንያ ሃዝብሮ መብቱን ወስዶ የኮሚክ አሳታሚው ማርቭል ታሪክ እንዲሠራለት ሲጠይቅ ጂም ሹተር መነሻውን ጻፈ፤ ዴኒ ኦኒል ኦፕቲመስ ፕራይም የሚለውን ስም አወጣ፤ ቦብ ቡዲያንስኪ ደግሞ ለአብዛኞቹ ስምና ጠባይ ሰጣቸው። ደግና ክፉ ተብለው የተለዩት ያኔ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በብዕር ነው። ለአራት ዕትም ብቻ የታሰበው ኮሚክ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ ሰማንያ ዕትም ሄደ።

እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ መጫወቻዎቹ ላይ ትንሽ ጥቁር ስቲከር ይለጠፍ ነበር። በጣት ሲያሹት ሙቀቱ የተደበቀውን አርማ ያወጣዋል፤ አውቶቦት ወይም ዲሴፕቲከን። ሮቦቱ በእጅህ እያለ የማን ወገን እንደሆነ የሚነግርህ የጣትህ ሙቀት ነው! ይህን ነገር ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። የስቲከሩ አንዱ ዓላማ እውነተኛውን አስመስሎ ከተሠራው መለየት ነበር፤ ልጅ ግን ያን አያስብም፣ ልቡ እየመታ ነው የሚያሸው።

ሌላም አለ። አንድ የፕላስቲክ ሮቦት ለማውጣት የሚሠራው የብረት ቅርጽ ማውጫ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ኩባንያው ያንኑ ቅርጽ በሌላ ቀለም ደግሞ ደጋግሞ ያወጣዋል። ቦትኮን የሚባለው የወዳጆቹ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2008 በሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ሲካሄድ የተዘጋጁት ልዩ መጫወቻዎችም በነበረው ቅርጽ ላይ አዲስ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ኮሚኩም አብሯቸው ወጣ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ “አይ፣ ለሽያጭ ነው” ብሎ ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ቅርጹ ያው ሆኖ ቀለሙ ብቻ ሲለወጥ፣ ጸሐፊው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ወለል ብሎ ይታያል፦ አንድ አካል፣ አንድ ጉልበት፣ ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው?

ጥቁርና ሐምራዊ የሆነውን ኦፕቲመስ ለእህቴ ልጅ አሳይቼው ነበር። መጫወቻዎቹን በወገን በወገን ነው የሚደረድራቸው፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።

“አጎቴ፣ ይሄ ወንድሙ ነው?”

“አይደለም፣ ራሱ ነው። በሌላ ዓለም ያለው እሱ።”

“እንዴት ራሱ ይሆናል? እሱ እኮ ጥሩ ነው።” ትንሽ አገላብጦ አየውና “ማን ነው ያበላሸው?” አለኝ።

እኛም በልጅነታችን “አክተሩ አይሞትም” ብለን የማልን ልጆች ነበርን፤ አክተሩ ሊበላሽ ይችላል ብሎ የነገረን ግን አልነበረም። የልጁ ጥያቄ የዚህን ዓይነት ታሪክ ትልቁን ድክመት ነካብኝ። ብዙዎቹ የተገላቢጦሽ ዓለሞች ማን እንዳበላሸው አይነግሩንም። ክፉ የሆነው ዓለሙ ስለተገለበጠ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ክፋት እንደ ቀለም የሚቀባ ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ደግነትም እንዲሁ። ሻተርድ ግላስም በአንዳንድ ገጾቹ እዚያ ይወድቃል፤ ደስታው በመገልበጡ ያበቃል፣ አንባቢውም ፈገግ ብሎ ገጹን ይገልጣል።

እኔ የምወደው ጠባዩ ሳይቀየር መንገዱ ብቻ የተቀየረበትን ነው። ኦፕቲመስ እዚያም ሰው ይከተለዋል፤ ያ ሰውን የማሰለፍ ችሎታው አልጠፋም፣ ለወረራ ዋለ እንጂ። ይህ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም በደጉ ዓለም የምወድለት ነገር ራሱ ነው።

ኮሚኩ እ.ኤ.አ. በ2021 አይዲደብሊው በተባለው የኮሚክ አሳታሚ በኩል፣ ከአዳዲስ መጫወቻዎች ጋር፣ እንደገና ተጀምሯል። አውቶቦቶች አሸንፈዋል፤ ከሁሉም የሚፈጥነው ብለር የሚሸሹ ዲሴፕቲከኖችን ለክፍያ እያደነ ይኖራል። ፍጥነቱ ያው ነው። የምናውቀው ብለር ለጓዶቹ ሲል ይሮጥበት ነበር፤ ይህኛው የሚሮጠው ለሚከፍለው ነው። ለእህቴ ልጅ ጥያቄ መልስ መፈለግ ካለብኝ ከብለር ነው የምጀምረው፤ ቅዳሜ ሲመጣ አብረን እናነበዋለን።