ደሟ ውስጥ ፈንገስ ተገኘ ሲሉን

እናቴን ከደም ውስጥ ፈንገስ ስላዳነልኝ የእግዚአብሔር ስም ይመስገን።

እናቴ አንጀቷ ተበስቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል እያለች ግን ትኩሳት ያዛት። አንቲባዮቲክ ጀመሩላት፤ አልበረደም። ጠንከር ባለ ቀየሩት፤ ያው ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ጸሎት ብቻ ነበረን፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ትኩሳት ንቀልላት።» ጾምን፣ ለመንን። ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ጠሩን። «የእናታችሁ ደም ካልቸር ውስጥ፣ ማለትም ጀርም ካለ እንዲያድግ ደሟን ባስቀመጥንበት ምርመራ፣ ፈንገስ አድጓል። ካንዲዳ ይባላል፤ ከእርሾ ወገን ነው» አሉን። እህቴ እዚያው ማልቀስ ጀመረች።

የጸሎታችን መልስ ግን ያ ወሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንዲዳ በጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና ቆዳ ላይ ምንም ሳይጎዳ ይኖራል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን ሲጨርስለት ሜዳው የእሱ ይሆናል፤ መድኃኒቱ እሱን አይነካውማ! አንጀት ሲበሳ ወይም ትልቅ የደም ሥር ውስጥ በገባ ቱቦ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። እናቴ ላይ ይህ ሁሉ ተደራርቦባት ነበር። ደግሞም የደም ካልቸር በካንዲዳ በጠና ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ሳያገኝ ያልፋል። የእኛን አገኘው። ዕድል የሚል ይበል፤ እኔ ያን ሌሊት ማን እንደነቃልን አውቃለሁ።

ወዲያው አንገቷ ላይ የነበረውን ቱቦ አወጡት። ፈንገሱ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ መድኃኒት የማይዘልቀው ሽፋን ይሠራል አሉን። ካስፖፈንጂን የሚባል መድኃኒትም በደም ሥሯ ጀመሩላት። መድኃኒቱ የፈንገሱ ሕዋስ ግድግዳውን እንዳይሠራ ይከለክለዋል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። ይህን ስሰማ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

እኔ ግን ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩ፤ ባልጀመርኩ ይሻል ነበር። ካንዲዳ ኦሪስ የሚባለው የካንዲዳ ዓይነት ወጣልኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታማሚ ጆሮ ተገኝቶ የተመዘገበ ነው። ብዙ መድኃኒት ይቋቋማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ ከፊተኞቹ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። «ጌታ ሆይ፣ እሱ ብቻ አይሁን» አልኩ። የዓይነቱ ውጤት ሲመጣ ካንዲዳ ግላብራታ ሆነ። እሱም ቀላል አይደለም፤ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የተለመደ የፈንገስ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። የጀመሩላት ግን ፍሉኮናዞል አልነበረም።

ከዚያ ደሟን ደጋግመው መረመሩ። ሕክምናው ፈንገስ ከጠፋበት የመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ ቢያንስ 14 ቀን ይቀጥላል። ፈንገሱ ዓይን ውስጥ ሊቀመጥ ስለሚችል የዓይን ሐኪምም አዩአት። ዓይኗ ደህና ነበር። ደሟም ጠራ። ትኩሳቱ መቼ እንደለቀቃት እንኳ ልብ አላልንም፤ ሁላችንም የምንጠብቀው የላቦራቶሪውን ወረቀት ነበር።

«ያዳናት መድኃኒት ከሆነ ምኑ ነው ምስክርነቱ?» ያለኝ ወንድም አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስም ጸልዮ «ሰምቼሃለሁ» ተብሎ ነበር። ቁስሉ ላይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ ተደረገለት። እኔ ሁለቱን የምለይበት ምክንያት አልታየኝም።

እናቴ አሁን ቤቷ ናት። እናንተም ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ካላችሁ፣ ትኩሳቱም በአንቲባዮቲክ አልበርድ ካለ፣ ሐኪሙን በትሕትና «ፈንገስስ ታይቷል ወይ?» በሉት። የታማሚዎቻችሁን ስም ጻፉልን፤ እናቴ ከእናንተ ጋር ትጸልያለች።